ፔተር ሽራየር ቴነር ከመሆኑ በፊት

(በልጆች መዘምራን ወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ወደ ፊት ኑ፤ ወንበር አለ። ኑ እንጂ! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቢንጫጩም ግድ የለም። ስለ ልጅ ድምፅ ልናወራ ተሰብስበን ልጅን ዝም በል ማለት አያምርብንም።

ስለ አንድ ጀርመናዊ ልጅ ነው የምናገረው፤ አድጎ ዓለም ያደነቀው ቴነር፣ ማለትም ከፍ ባለው የወንድ ድምፅ የሚዘምር፣ ስለሆነው ስለ ፔተር ሽራየር። "ስለ ቅዱስ ያሬድ አታወራም ወይ?" ያለኝ አለ። ስለ ያሬድ የሚያስተምሩ አባቶች እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። በእነሱ ፊት በዚያ ነገር አፌን አልከፍትም። የማውቀውን፣ ወጣትነቴን ያሳለፍኩባትን የድሬስደንን ልጅ ላውራችሁ።

ለምን እሱን መረጥኩ? ምክንያቴን አልደብቅም። ያገር ቤቱ ጦርነት ወሬ በከፋበት ሰሞን የልጆቻችን መዘምራን ልምምድ እንዲቆም ተወሰነ። ታስታውሳላችሁ። "አገር እየነደደ ልጅ ሰብስቦ ማዘመር ምን ይባላል? ሰላም ሲሆን ይደርሳል" ተባለ። ማን እንዳለው አልናገርም፤ ክፉ አስቦም አልነበረም። በዚያ ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር እንደነግጥ ነበር። ግማሾቻችን ሐዘን ላይ ነበርን። ልምምዱ ቆመ። ይኸው እንደቆመ አለ።

"ሰላም ሲሆን ይደርሳል።" ይደርሳል ወይ? ሌላው ይደርስ ይሆናል። ሠርግ ይደርሳል። ቤት መግዛትም ይደርሳል። የልጅ ድምፅስ ይደርሳል ወይ? ዛሬ የመጣሁት ይህን ልጠይቃችሁ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ ልጁ ማን ነበር? ቀጥሎ፣ ከተማው ከነደደ በኋላ ምን ተደረገ? በመጨረሻ፣ ድምፁ ሲለወጥ ምን ሆነ? ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እሺ፤ አንደኛ፣ ልጁ።

ፔተር ሽራየር የተወለደው ጁላይ 29 ቀን 1935 ማይሰን ከተማ ነው። ማይሰንን በሲኒዎቿና በሳህኖቿ የምታውቋት እናቶች አላችሁ፤ ዋጋቸውንም ታውቁታላችሁ። ያደገው ግን ጋወርኒትስ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። አባቱ አስተማሪ ነበር። ከዚያ በተጨማሪ የቤተ ክርስቲያኑ ካንቶርና ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ካንቶር ዜማውን የሚመራው፣ መዘምራኑን የሚያስጠናው ሰው ነው። በእኛ ቤት የመሪጌታ ልጅ በሉት። የመሪጌታ ልጅ ዜማ የሚጀምረው ትምህርት ቤት ሲገባ አይደለም። እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሰምቶት አድጓል።

በ1943፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ የክሮይትስኮር የመሰናዶ ክፍል ገባ። ክሮይትስኮር በድሬስደን የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን የወንድ ልጆች መዘምራን ነው። ዕድሜው ስንት ነው ብትሉኝ፣ በ2016 ስምንት መቶኛ ዓመቱን አክብሯል። በእኛ ስንቆጥረው ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጀምሮ ማለት ነው። እዚያ ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት ሴቶች አይደሉም። ሶፕራኖውንና አልቶውን የሚዘምሩት ትንንሽ ወንዶች ናቸው። ቴነሩንና ባሱን ድምፃቸው የጎረነነ ትልልቆቹ ይይዙታል። አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

አሁን ዓመቱን ልብ በሉልኝ። 1943! የጀርመን ጦር ስታሊንግራድ ላይ እጁን የሰጠበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ሰመር ላይ ሃምቡርግ በቦምብ ነደደች። ወጣቱ ሁሉ ግንባር ነው። በየመንደሩ የሞት መርዶ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ዓመት ነው አንድ አባት የስምንት ዓመት ልጁን ዜማ እንዲማር የላከው። ሰላም ሲሆን ይደርሳል አላለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ተረት አወራሁ ማለት ነው። ዘመኑ የናዚ ዘመን ነበር። የመዘምራኑ መሪ ሩዶልፍ ማወርስበርገር በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል። ይህ የተመዘገበ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መዘምራኑ የፓርቲው መሣሪያ ብቻ እንዳይሆን በተቻለው መጠን ይከላከል ነበር። የተከለከሉ የዜማ ደራሲዎችን ሥራም ያስጠና ነበር። ሜንደልሶን ለምሳሌ የአይሁድ ዘር ነው ተብሎ ታግዶ ሳለ ልጆቹ ዘምረውታል። ታዲያ ሰውዬው ጻድቅ ነው ኃጢአተኛ? እኔ ለመፍረድ አልቸኩልም። ለምን እንደማልቸኩል ልንገራችሁ።

እኔ የደርግ ልጅ ነኝ። ጠዋት ዳዊት የምደግም የቄስ ተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት ደግሞ የቀበሌ ኪነት ቡድን አባል። ድምፅህ ጥሩ ነው ተብዬ ተመለመልኩ። ማን ጠየቀኝ? አንድ የአብዮት በዓል ላይ አንገቴ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረውልኝ፣ መድረክ ላይ አቁመውኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ የማላውቀውን መፈክር በዜማ አስባሉኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ደስ አለኝ። ልጅ ነኝ፤ ሲጨበጨብልኝ ለምን ደስ አይለኝም? እናቴ ብቻ አላጨበጨበችም። ማታ እራት እያቀረበች "ጠዋት ያ ድምፅ ለማን ነበር?" አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? ድምፁ ያው የእኔ ድምፅ ነው። ያወጡት እነሱ ናቸው። የልጅ ድምፅ ምን እንደሚዘምር የሚመርጡለት አዋቂዎች ናቸውና፣ ተጠያቂዎቹም እኛው ነን። ማወርስበርገርን በዚህ እለካዋለሁ። በዚያ ዘመን ሜንደልሶንን ማስጠናት ትንሽ ነገር አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ከተማው።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945። በእኛ የካቲት 6 ቀን 1937። ማክሰኞ ነበር። ከጾማቸው በፊት ያለው የመጨረሻው የፈንጠዝያ ቀን ስለነበር፣ ልጆች የካርኒቫል ልብስ ለብሰው ውለዋል። ማታ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መጡ። በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ። በማግስቱ ቀን ላይ ደግሞ የአሜሪካ አውሮፕላኖች። መሀል ከተማው ነደደ። ምን ያህል ሰው ሞተ የሚለው ለብዙ ዓመት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። ከተማው ያቋቋመው የታሪክ ምሁራን ኮሚሽን በ2010 ያወጣው ቁጥር እስከ 25,000 የሚደርስ ነው። የመስቀሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ተቃጠለ። ትምህርት ቤቱ ጠፋ። ከመዘምራኑ ልጆች አሥራ አንዱ ሞቱ።

አሥራ አንድ ልጅ። ይህን ቁጥር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጆቻችሁን እያየሁ ስናገረው ይከብደኛል።

ፔተር ገና አዳሪ አልነበረም፤ የመሰናዶ ልጅ ነበር። ማወርስበርገር ከእሳቱ ተርፎ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ማወርስበርግ ሄደ። እዚያ፣ ተራራው ላይ፣ በቅዳሜ ሹር ዕለት አንድ መዝሙር ደረሰ። ጦርነቱ ገና አላለቀም። እስኪያልቅ ከአንድ ወር በላይ ይቀረዋል። ከተማ የለው፣ ቤተ ክርስቲያን የለው፣ መዘምራን የለው። ለማን ነው የሚጽፈው? ግን ጻፈ። ቃሉን ከየት አመጣው ብትሉ፣ ከሰቆቃወ ኤርምያስ። ሕዝብ ሞልቶባት የነበረች ከተማ ብቻዋን እንዴት ተቀመጠች ከሚለው። አባቶች፣ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለኢየሩሳሌም የተለቀሰውን ልቅሶ ወስዶ ለድሬስደን አለቀሰበት።

እኔ ድሬስደን የደረስኩት በ80ዎቹ ነው። ያኔ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የተላክን ብዙ ነበርን፤ እዚህም አንዳንዶቻችሁን አያለሁ። የሄድኩት ኢንጂነሪንግ ልማር ነው። በ1985፣ ልክ ከተማው በነደደ በአርባኛው ዓመት፣ በዚያችው ዕለት የሴምፐር ኦፔራ ቤት ተመልሶ ተከፈተ። ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ግን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ገና የድንጋይ ክምር ነበረች። ክምሩ መሀል ሣር በቅሏል። እኔ አዲስ መጤ ነኝና "ጦርነቱ ካለቀ አርባ ዓመት ሆኖት ይህን ድንጋይ ምነው አላነሱትም?" ብዬ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴን ጠየቅኳት። መልስ ከመስጠት ይልቅ ቅዳሜ ማታ እጄን ይዛ የመስቀሉ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መዘምራኑ የማታ ጸሎት አላቸው። ስንገባ ግድግዳውን አየሁት። ሻካራ ልስን። ጌጥ የለ፣ ወርቅ የለ። ለመሆኑ ገንዘብ አለቀባቸው? ቤተ ክርስቲያኑ በ1955 ተጠግኖ ሲከፈት ለጊዜው ተብሎ የተለሰነ ነው። እንደዚያው ቀረ።

ከዚያ ልጆቹ ጀመሩ። ምን ልበላችሁ? ያ ሻካራ ግድግዳ ድምፃቸውን ተቀብሎ ይመልሰዋል። ጎረቤቴ በጆሮዬ "እነዚህን ልጆች የጀመሩት ዳቦ በራሽን በነበረበት ጊዜ ነው" አለችኝ። ስለ ፔተር ሽራየር መጀመሪያ የሰማሁት ከእሷ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ስሙኝ። ጦርነቱ ያለቀው በሜይ 1945 ነው። የመዘምራኑ አዳሪ ቤት እንደገና መቋቋም የጀመረው መቼ ይመስላችኋል? አምስት ዓመት ቆይቶ? ከተማው ሲሠራ? በሰኔ ወር። በዚያው ዓመት ሰኔ! መንገዱ ገና በፍርስራሽ ተዘግቷል። የሚበላ የለም። ፔተር አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል ከገቡት ጥቂት ልጆች አንዱ ሆነ። መኝታቸው ከከተማው ዳር ያለ ምድር ቤት ነበር። ምድር ቤት! እናንተ ልጆቻችሁን ለልምምድ ስታመጡ ማሞቂያው አልሠራም ብላችሁ የምታማርሩ ወላጆች፣ ይሰማል? (ሳቅ)

ኦገስት 4 ቀን 1945፣ ፔተር አሥር ዓመት ከሞላው ሳምንት ሳይሞላው፣ መዘምራኑ በተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመጀመሪያውን የማታ ጸሎት አደረጉ። ያ የቅዳሜ ሹር ልቅሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው ያን ዕለት ነው። የሞቱት አሥራ አንዱ ጓደኞቻቸው ናቸው። የተቃጠለው የራሳቸው ቤት ነው። እነዚያ ልጆች ምን እየዘመሩ እንደሆነ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

እስቲ አንድ ጥያቄ። ማወርስበርገር ለምን ቸኮለ? ልጆቹን መጀመሪያ ወተት አጠጥቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ከዚያ ቢያስጠናቸው አይሻልም ነበር? እንደ እኛ ዓይነት ኮሚቴ ቢኖረው ኖሮ በእርግጥ እንዲህ ይለው ነበር። ሰውዬው ግን ሥራውን ያውቃል። የልጅ መዘምራን እንደ ሕንፃ አይደለም። ሕንፃ ቢፈርስ ድንጋዩ ይጠብቃል፤ ያቺ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እስከ 2005 ጠብቃለች። ልጅ ግን አይጠብቅም። ያድጋል። ሂሳቡን አብረን እናስላው። ጦርነቱ በ1939 ሲጀመር ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ፣ ሰላም እስኪሆን ቢጠብቅ፣ በ1945 አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አለቀ። ሰላም መጣ፣ ድምፁ ሄደ። የእኛውንስ አናስላ? በ2020 ሰባት ዓመት የነበረው ልጃችን ዛሬ ፂም እያበቀለ ነው። ለእሱ "ሰላም ሲሆን ይደርሳል" ያልነው ነገር የት ደረሰ?

ትንሽ ወጣ ልበልና ልመለስ። ድሬስደን ብቻ አይደለችም። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ፣ ኪንግስ ኮሌጅ የሚባለው ቦታ፣ ልጆች በየዓመቱ በገና ዋዜማ ይዘምራሉ፤ ቢቢሲም በሬዲዮ ያስተላልፈዋል። በጦርነቱ ጊዜ ባለቀለሙ የመስኮት መስተዋት ለጥንቃቄ ተነቅሎ ወጣ። ጠላት እንዳያውቅ የቦታው ስም በሬዲዮ አይጠራም ነበር። ዝማሬው ግን አልተቋረጠም። ሌላም አለ፤ ይኼኛው ለእኛ ለስደተኞቹ ይቀርበናል። የቪየና ሞዛርት ልጆች መዘምራን የሚባሉት ዓለም እየዞሩ ሲዘምሩ፣ በሴፕቴምበር 1939 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ላይ ሳሉ ጦርነት ታወጀ። የጠላት አገር ዜጎች ሆነው ቀሩ። ሃያ የሚሆኑ ልጆች፣ እናት አባታቸው በሌላው የዓለም ጫፍ። የሜልቦርኑ ሊቀ ጳጳስ ዳንኤል ማኒክስ ወሰዳቸው። በምእመናን ቤት አስቀመጣቸው፣ በካቴድራሉ እንዲዘምሩ አደረገ። በኋላ መሪያቸው እስረኛ ሆነ፤ ልጆቹ ግን ዘመሩ። ብዙዎቹ እዚያው አገር ቀሩ። አንዱ፣ ሽቴፋን ሃግ፣ አድጎ በአውስትራሊያ የታወቀ የኦፔራ አዘጋጅ ሆኗል። ሰው አገር ላይ የቀረ ልጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ዳቦና አልጋ ነው፤ ልክ ነው። ሊቀ ጳጳሱ ግን ከዳቦው ጋር ሥራ ሰጣቸው። "ስማችሁ ማን ነው?" ብሎ የሚጠይቃቸው ቦታ ሰጣቸው።

ተመልሻለሁ። ወደ ፔተር።

ማወርስበርገር ከእነዚያ የምድር ቤት ልጆች መካከል የአንዱን ድምፅ ለየ። ፔተር አልቶ ነበር። ሰው ሁልጊዜ የሚያደንቀው ሶፕራኖውን ነው፤ ያቺን ጣሪያ የምትነካ ቀጭን ድምፅ። የገና ካሴት ላይ የምትሰሟት እሷ ናት። የልጅ አልቶ ግን ሌላ ነገር ነው። ዝቅ ይላል፣ ጠቆር ይላል፣ ልጅ ሆኖ ሳለ ብዙ ያየ ይመስላል። እኔን ብትጠይቁኝ አልቶውን እመርጣለሁ። ማወርስበርገርም ጆሮው እዚያ ሄደ መሰለኝ። ለልጁ ብቻውን የሚዘምራቸውን ክፍሎች ይሰጠው ጀመር። ከዚያም አልፎ ለእሱ ድምፅ የሚስማማ ዜማ ደረሰለት። አስቡት! ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የኖረ መዘምራን መሪ፣ ለአንድ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ድምፅ ብሎ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ። በእነዚያው ዓመታት የድሬስደን ሬኩዌም የሚባለውን ለሙታን የሚዘመር ትልቅ ሥራውን ጽፏል። እስከ ዛሬ በየዓመቱ የከተማው የእሳት መታሰቢያ ሲደርስ መዘምራኑ ይዘምሩታል።

ከ1948 እስከ 1951 የተቀዱ የፔተር የልጅነት ቅጂዎች በሲዲ ወጥተዋል። ፈልጋችሁ ስሙ። ልጁ አይቸኩልም። ራሱን ለማሳየትም አይደክምም። ቃሉን ይዞ ይሄዳል። ትልቅ ሰው ሆኖ ዓለም ሲያደንቀው ተቺዎች ያነሱለት የነበረው ይኸው ነው፤ የቃሉ ጥራት። ትምህርቱን የወሰደው ምድር ቤት ውስጥ ነው።

ሦስተኛውን አሳጥረዋለሁ፤ ሰዓቱን እያየሁ ነው።

ድምፅ ሲለወጥ ምን ይሆናል? ማንቁርት ያድጋል። የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። የወንዱ ድምፅ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ስምንት የዜማ ደረጃ ያህል፣ ይወርዳል። መቼ ነው የሚሆነው? ይህ ከምግብ ጋር ይያያዛል። ዳው የተባለ ተመራማሪ በ1970 ባወጣው ጥናት፣ ታላቁ የዜማ ደራሲ ባኽ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ላይፕሲግ ውስጥ ያስጠናቸው የነበሩትን ልጆች መዝገብ መርምሮ፣ ድምፃቸው የሚለወጠው ከዛሬ ልጆች በጣም ዘግይቶ፣ ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ እንደነበር አሳይቷል። በዚያው በባኽ ዘመን በነበሩት የጦርነት ዓመታት ደግሞ ይበልጥ ዘገየ። ሽራየር ቴነር የሆነው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የድህረ ጦርነቱ ጠኔ እጁ እንዳለበት እገምታለሁ፤ የእኔ ግምት ነው። የእናንተ ልጆች ግን በደንብ ይበላሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ ከእሱ ያነሰ ጊዜ ነው ያላቸው።

የእኔ ድምፅ የጎረነነው ቅዳሴ ላይ ነው። ዲያቆን ሆኜ ነበር። "ተንሥኡ ለጸሎት" ልል አፌን ስከፍት "ተን" ብዬ ወጣሁ፣ "ሥኡ" ላይ ገደል ገባሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ወንዶቹ አልሸፈኑም። (ሳቅ) ሁለተኛ ቅድስት አልገባም ብዬ አለቀስኩ። መምህሬ ጠርተው "ምን ያስለቅስሃል? ቃሉን ታውቀዋለህ አይደል? ድምፁ ተመልሶ ይመጣል፤ ቃሉን ባታውቅ ነበር የሚያስለቅስህ" አሉኝ። ያኔ አልገባኝም። ስለ ሽራየር ሳነብ ገባኝ። ብዙ ልጆች ድምፃቸው ሲለወጥ ሁሉ ነገር ያበቃ ይመስላቸዋል። ሽራየር ግን ቴነር መሆን ይመኝ ነበር። ለምን? በባኽ የሕማማት ሥራዎች ውስጥ ወንጌሉን የሚተርከው ወንጌላዊው ቴነር ነው። ልጁ ከአልቶዎቹ መሀል ቆሞ ስንት ጊዜ ሰምቶታል! ወንጌላዊውን አይቶ "ያ እኔ እሆናለሁ" አለ። ሆነም። የመጀመሪያ የኦፔራ መድረኩ በ1959 ነው፤ የቤትሆቨን ፊደሊዮ ውስጥ አንደኛው እስረኛ ሆኖ፣ ትንሽ ክፍል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል።

አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። የማወርስበርገር ወንድም ኤርሃርድ የላይፕሲግ የቅዱስ ቶማስ ካንቶር ነበር፤ ባኽ የነበረበት ወንበር። በ1970 ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሁለቱን መዘምራን አንድ ላይ አቁመው፣ የባኽን የማቴዎስ ሕማማት ቀዱ። ወንጌላዊው ማን ነበር? ፔተር ሽራየር። ኢየሱስን የዘመረው ቴዎ አዳም፤ እሱም የክሮይትስኮር ልጅ፣ እስከ 1944 እዚያ የዘመረ። ማወርስበርገር በሚቀጥለው ዓመት ዐረፈ። ያን ቅጂ ስሰማ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ በዚያ ድምፅ ውስጥ የጠፋ ዓመት የለም። 1943 አለ፣ 1945 አለ፣ 1948 አለ። ማንም "ቆይ" ብሎ የዘለለው ዓመት የለም።

አሁን ወደ እናንተ። ክርክሩን አውቃለሁ። ወገን እያለቀ መዘመር ደስታ ይመስላል ትላላችሁ። እኔ ግን የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ የድሬስደን ልጆች የዘመሩት ምን ነበር? ልቅሶ ነው! ልጆቻችን ሐዘናችንን እንኳ በዜማ እንዳያውቁት ነው የምንፈልገው? ከእኛ የሚሰሙት የስልክ ጭቅጭቅና የዩቲዩብ ጩኸት ብቻ ይሁን? እናንት እናቶች፣ እስቲ ንገሩኝ። እናንት አባቶች፣ ንገሩኝ። (ጭብጨባ)

አታጨብጭቡ፤ ፈርሙ። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት አዳራሹን አግኝተናል። ማሞቂያው ይሠራል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። መኪና ያላችሁ ከሩቅ የሚመጡትን ልጆች ታመጣላችሁ። ከሻዩ ጠረጴዛ አጠገብ ወረቀት አለ፤ የልጁን ስም፣ ዕድሜና ስልካችሁን ጻፉ። ድምፁ የጎረነነውም ልጅ ይምጣ። አፍሮ ቤት አይቅር። ባስ የለንም።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።